ሞኖም ግሪድ 128፦ በብርሃን ቁልፎች ላይ ድምፅ መቁረጥና የችክችካ ጥያቄ

ሞኖም የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የሙዚቃ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ግሪድ 128 በራሱ ምንም ድምፅ አያወጣም። በስምንት ረድፍና በ16 ዓምድ የተደረደሩ 128 የሲሊኮን ቁልፎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ መብራት አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው አንድ የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። ጽሑፍ፣ ምልክት፣ ስክሪን፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ የሚባል ነገር የለውም። ጣት ቁልፉን ሲጫን መሣሪያው በየትኛው ዓምድና ረድፍ ያለው ቁልፍ እንደተጫነ ለተያያዘው ኮምፒውተር ያስታውቃል፤ ሲለቀቅም እንዲሁ። መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ግን ቁልፉ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። መጫን ለብቻው፣ ብርሃን ለብቻው መሆኑ የዚህ ዕቃ ዋና ሐሳብ ነው፤ ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ስለዚህ ግሪዱን ብቻውን መገምገም አይቻልም። እኔ የምጠቀምበት ኖርንስ ከሚባለው፣ ያው ኩባንያ በ2018 ካወጣው ትንሽ የድምፅ ኮምፒውተር ጋር አያይዤ ሲሆን፣ በኖርንስ ላይ የምከፍተው ደግሞ ኤምኤልአር የተባለውን ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) መቁረጫ ፕሮግራም ነው። ኖርንስ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ፣ ሦስት ቁልፎችና ሦስት የሚዞሩ እጀታዎች ያሉት፣ ስክሪኑም 128 በ64 ነጥብ ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። ተገጣጥሞ የቀረበ ሞዴል አለ፤ ሺልድ የሚባለው፣ ራስበሪ ፓይ በተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ቀለል ያለ ሞዴልም አለ። የእኔ ሺልድ ነው፤ በሙዚቃው በኩል በሁለቱ መካከል ይህን ግምገማ የሚለውጥ ልዩነት የለም።

ሞኖምን የመሠረቱት አሜሪካውያኑ ብራያን ክራብትሪና ኬሊ ኬይን ናቸው። የመጀመሪያውን ባለ 64 ቁልፍ ሰሌዳ ለሽያጭ ያቀረቡት በ2006 ነበር፤ በጥቂት በጥቂቱ እየሠሩ፣ የውስጥ አሠራሩን ለማንም ክፍት አድርገው መሸጥን የመረጡትም ያኔውኑ ነው። የሎስ አንጀለሱ ሙዚቀኛ ዴዴለስ ገና በሙከራ ላይ የነበሩትን ሰሌዳዎች ይዘው መድረክ በመውጣታቸው ብዙ ሰው መሣሪያውን ያወቀው በእርሳቸው እጅ ነው። በ2007 ያማሃ ከጃፓናዊው አርቲስት ቶሺዮ ኢዋይ ጋር የሠራው ቴኖሪ ኦን 16 በ16 የብርሃን ቁልፎች ይዞ መጣ፤ በ2009 ደግሞ የእንግሊዙ ኖቬሽን ላውንችፓድን አወጣና የብርሃን ሰሌዳ ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል ዕቃ ሆነ። ቴኖሪ ኦን የራሱ ድምፅና የራሱ የተወሰኑ የአጨዋወት ስልቶች ነበሩት፤ ላውንችፓድም በመጀመሪያ የተሠራው ከሙዚቃ መሥሪያው ፕሮግራም ከኤብልተን ላይቭ ጋር እንዲሠራ ታስቦ ነው። ሞኖም ብቻ ሰሌዳው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ሳይወስን ቀረ።

ኤምኤልአር የሰሌዳው የዕድሜ እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ክራብትሪ መጀመሪያ ማክስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም መሥሪያ ላይ ጻፈው፤ በኋላም ለኖርንስ እንደገና ተጻፈ። አሠራሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ የድምፁ ርዝመት ለ16 እኩል ቁራጮች ይከፈላል፤ የትኛውንም ቁልፍ ቢጫኑ ድምፁ ወዲያው ከዚያ ቁራጭ መነሻ ላይ መጫወት ይጀምርና ዞሮ ዞሮ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ድምፁ በሚጫወትበት ጊዜ አንድ ብርሃን በረድፉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ብርሃኑ ያለበት ቦታ ድምፁ የደረሰበት ቦታ ነው። ምቶችን በተራ ደርድሮ ከሚያጫውተው ከተለመደው ሲኩዌንሰር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ሲኩዌንሰር እያንዳንዱ ቁልፍ «እዚህ ምት ላይ ከበሮ ይመታ» የሚል ትእዛዝ ሲሆን፣ በኤምኤልአር ግን ቁልፉ በጊዜ ውስጥ ያለ ቦታ ነው፤ ተጫዋቹ ድምፅ አይጠራም፤ አስቀድሞ እየፈሰሰ ባለ ድምፅ ውስጥ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል።

ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወልድ ለማየት የክራር ቅጂ መጫን በቂ ነው። አንድ የክራር ሐረግ በረድፉ ላይ ተዘርግቶ ብርሃኑ ሲሄድበት፣ በስድስተኛው ዓምድ ላይ ደጋግሞ መጫን አንዲትን የክር ድምፅ እንደ ልመና ያደጋግማታል፤ ከ11ኛው ወደ ሦስተኛው መመለስ ሐረጉን ሳይጨርስ እንደገና ያስጀምረዋል፤ በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ቁልፎችን አከታትሎ አብሮ መያዝ ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ክፍል ብቻ እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ጣት የሚሠራው ነገር ሁሉ በብርሃኑ መንገድ ላይ ስለሚታይ፣ ከጥቂት ልምምድ በኋላ ዓይን ከጆሮ ቀድሞ የሚመጣውን ማወቅ ይጀምራል። ስክሪን ማየት አያስፈልግም፤ እኔም የኖርንስን ስክሪን የምመለከተው ፋይል ስመርጥና ቅንብር ስለውጥ ብቻ ነው።

ስለ ብርሃኑ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ መሣሪያ የተማርኩት ነገር አብዛኛው በብርሃኑ ውስጥ ነውና። የግሪድ መብራት ቀለሙ አንድ ነው። የሚለዋወጠው ድምቀቱ ብቻ ሲሆን ከሙሉ ጨለማ እስከ ሙሉ ብርሃን 16 ደረጃዎች አሉት። በላውንችፓድና በሌሎቹ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ የሚያበሩ ቁልፎችን ለለመደ ሰው ይህ ድህነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ለሳምፕል መቁረጫ የሚበጀው ይህ ነው እላለሁ። ቀለም ስም ይሰጣል፦ ቀዩ ከበሮ፣ ሰማያዊው ባስ ነው ያሰኛል፤ ስሞቹን ማስታወስ ደግሞ የተጫዋቹ ሥራ ይሆናል። ድምቀት ግን ስም አይሰጥም፤ ቅርብና ሩቅ፣ አሁንና ቀጥሎ፣ የሚሠራና የተኛ የሚለውን ብቻ ይናገራል። በኤምኤልአር ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን በጣም ደማቅ ነው፤ የውስጥ ሉፕ፣ ማለትም በሁለት ቁልፎች መካከል የሚሽከረከረው ክፍል፣ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ የቆመ ረድፍ ይጨልማል። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚነገረው፤ ሦስቱም መድረክ ላይ ሊያስፈልጉ የሚችሉት ናቸው። የብርሃን ሰሌዳ የሚነድፍ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ መብራቱ ምን ያህል ያምራል የሚለው ሳይሆን፣ መብራቱ ቢጠፋ ተጫዋቹ ምን ያጣል የሚለው ይመስለኛል። በብዙ ርካሽ ሰሌዳዎች ላይ መብራቱ ቢጠፋ የሚጎድለው ጌጥ ብቻ ነው፤ በኤምኤልአር ላይ ቢጠፋ ግን መጫወት አይቻልም።

የላይኛው ረድፍ ለቁጥጥር የተተወ ነው። ወደ መቅጃው፣ ወደ መቁረጫውና ወደ ቅጂዎች መምረጫው ገጾች የሚወስዱ ቁልፎች በግራ በኩል ናቸው፤ አጠገባቸው የእጅ እንቅስቃሴን የሚቀዱ አራት ቁልፎች አሉ። አንዱን ተጭነው ሲጫወቱ የጫኑት ሁሉ ከነጊዜው ይመዘገባል፤ እንደገና ሲጫኑት ያ አጨዋወት ራሱን እየደገመ ይቀጥላል፤ እጅም ነፃ ይሆናል። እንቅስቃሴው የሚመዘገበው በደረጃ ተቆራርጦ ሳይሆን በተጫኑት መካከል ያለፈው ጊዜ እንዳለ ተይዞ ስለሆነ፣ የተጫኑትን ወደ ቅርቡ ምት የሚያስጠጋውን ማስተካከያ አጥፍቶ የተጫወተ ሰው ያዘገየው እንደዘገየ፣ ያስቀደመው እንደቀደመ ይቆይለታል። ይህ ለእኛ ሙዚቃ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የእስክስታ ምት ከሰዓት ጋር ፍጹም ሲገጥም ሕይወቱን ያጣልና። ጉድለቱ የተመዘገበውን በከፊል ማረም አለመቻሉ ነው፦ አንዲት ቁልፍ አላግባብ ከተጫነች ሙሉውን መድገም ግድ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። 16 ቁጥር የመጣው በሁለት፣ በአራትና በስምንት ከሚከፈል ሙዚቃ ነው። ሂፕ ሆፕና ሃውስ ባለ አራት ምት ናቸው፤ እያንዳንዱ ምት በአራት ይከፈላል፤ አንድ መስመር (ባር) ሙዚቃ 16 ክፍል ይሆናል፤ ስለዚህም 16 ዓምድ ላለው ሰሌዳ ልክ ይሆናል። ችክችካ ግን በ6/8 የሚቆጠር ነው። ሁለት ከባድ ምቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ከባድ ምት በሦስት ይከፈላል፤ ሁለት መስመር ሙዚቃ 12 ትንንሽ ምቶች ይሆናል። ባለ 12 ምት የከበሮ ቅጂ ወስደን ኤምኤልአር ላይ ስንጭነው ፕሮግራሙ ለ16 ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም የአንድ ትንሽ ምት ሦስት አራተኛ ይሆናል። ከ16ቱ ዓምዶች ከከበሮው ምት ጋር በትክክል የሚገጥሙት አንደኛው፣ አምስተኛው፣ ዘጠነኛውና 13ኛው ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛውና በ10ኛው ትንሽ ምት ላይ ያርፋሉ፤ ማለትም በአራቱ ከባድ ምቶች ላይ። የቀሩት 12 ዓምዶች በምትና በምት መካከል ይወድቃሉ።

ይህን ሳያውቅ የሚጫወት ሰው ሰሌዳው የተበላሸ ወይም ቅጂው የዘገየ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ንጹሕ ሒሳብ ነው፦ ከበሮው በሦስት እየከፈለ ሲሄድ ጣት በአራት እየከፈለ ይዘላል። ከዚህ የሚወጣው አራት በሦስት ላይ የተጫነ ምት አንዳንዴ እጅግ ማራኪ ነው፤ በተለይ ዋሽንት በአንዱ ረድፍ ረጋ ብሎ እየሄደ ከበሮው በሌላው ረድፍ ሲቆራረጥ፣ ሙዚቃው ሁለት እግር ያለው ይሆናል። ተፈልጎ ሲደረግ ጥሩ ነው። ሳይፈለግ ሲመጣ ግን ጭፈራውን ይሰብረዋል፤ ትከሻ የሚጠብቀው ምት በቦታው አይገኝምና።

ሦስት መፍትሔዎችን ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ ቅጂ መጠቀም ነው። ስምንት መስመር የ6/8 ሙዚቃ ብንወስድ 16 ከባድ ምቶች አሉት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ከባድ ምት ይዞ ይቀመጣል፤ የትም ብንዘል ከምቱ አንወጣም። ለማሲንቆና ለድምፃዊ ቅጂ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ የግጥም ሐረጎች በዚህ ርዝመት ውስጥ በደንብ ይቀመጣሉ። ለከበሮ ግን ቁራጩ ትልቅ ስለሚሆን የምቱን ውስጥ መነካካት አይቻልም።

ሁለተኛው ቅጂውን በ16 ትንንሽ ምት ርዝመት ቆርጦ የመጀመሪያዎቹን 12 ዓምዶች ብቻ ማዞር ነው። አንደኛውንና 12ኛውን ቁልፍ አብረው ሲይዙ እያንዳንዱ ዓምድ በትክክል አንድ ትንሽ ምት ይሆናል፤ ብርሃኑም 12ኛው ላይ ደርሶ ይመለሳል። በሰሌዳው ላይ ችክችካ እንደ ችክችካ ተጽፎ ሲታይ ደስ ይላል። ዳሩ ግን በኤምኤልአር ሕግ አንድ ቁልፍ ለብቻው ሲጫን የውስጥ ሉፑ ይፈርስና ድምፁ ወደ ሙሉው 16 ይመለሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ ሁለቱን ቁልፎች እንደገና መያዝ ያስፈልጋል፤ በፈጣን ሙዚቃ መካከል ይህን ማድረግ አድካሚ ነው።

ሦስተኛው ፕሮግራሙን ራሱን መለወጥ ነው፤ የሞኖም ዋጋ የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። የኖርንስ ስክሪፕቶች፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ፣ የሚጻፉት ሉዋ በተባለው፣ ለጀማሪ በማያስቸግር ቋንቋ ነው፤ ኖርንስን ከቤት ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ በማንኛውም ኮምፒውተር ብራውዘር ኮዱን መክፈት፣ መለወጥና ወዲያው ማስነሳት ይቻላል። በኤምኤልአር ኮድ ውስጥ ቅጂውን ለ16 የሚከፍሉትን ቦታዎች፣ ማለትም ዝላዩን የሚያሰሉትን፣ የውስጥ ሉፑን የሚወስኑትንና ብርሃኑን የሚያስቀምጡትን መስመሮች ፈልጎ ወደ 12 መለወጥ ሥራውን ይፈጽማል። ስለዚህ ባለ 12 ምት ቅጂ በ12 ዓምዶች ላይ ልክ ሆኖ ይቀመጣል፤ በቀኝ በኩል አራት ዓምዶች ባዶ ይተርፋሉ። እኔ በእነዚያ ባዶ ዓምዶች ላይ የእያንዳንዱን ረድፍ ማስቆሚያና ወደ ኋላ ማጫወቻ አስቀምጫለሁ፤ ለሁለቱም ወደ ሌላ ገጽ መሄድ ቀርቶልኛል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ይህን በአንድ ማታ አይሠራውም፤ ነገር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ኩባንያውም እስኪያሻሽለው ሳይጠብቅ ሊሠራው ይችላል። ሌሎች የማውቃቸው መሣሪያዎች ይህን በር ዘግተውታል።

የፍጥነት ቅንብሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኖርንስ ፍጥነትን የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው። ጭፈራው በደቂቃ 120 ከባድ ምት ከሆነ በኖርንስ ላይ መሞላት ያለበት 120 ሳይሆን 180 ነው፤ ከባዱ ምት ሦስት ስምንተኛ፣ ሩብ ኖታ ደግሞ ሁለት ስምንተኛ ስለሆነ። እንዲህ ሲደረግ የእጅን ዝላይ ወደ ቅርቡ ምት የሚያስጠጋው ማስተካከያ በሁለት ሲከፈል በትክክል በትንንሾቹ ምቶች ላይ ያርፋል። 120 ተሞልቶ በአራት ከተከፈለ ግን ማስተካከያው ራሱ ሙዚቃውን ያዛባዋል፤ ማስተካከያው ከከበሮው ጋር ተጣላ ብለው የሚያጠፉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የገጠማቸው ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ቅኝት የምናገረው ደግሞ የሚያስደስት ነው። በኤምኤልአር የቅጂ ፍጥነት በእጥፍና በግማሽ ይለወጣል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ ግማሽ ሲሆን አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ስለዚህ በትዝታ የተቃኘ ክራር ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድ ከትዝታ አይወጣም፤ ከባቲም ከአንቺ ሆዬም እንዲሁ። በብዙ ሳምፕለሮች ላይ ፍጥነት እንደ ልብ ስለሚለወጥ የክራሩ ድምፅ ከድምፃዊው ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ እዚህ ግን የምርጫው መጥበብ ተጫዋቹን ከስሕተት ይጠብቀዋል። በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ማሲንቆ ከሥሩ እንደ ቼሎ ያለ ጥልቅ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔ ከዚህ መሣሪያ ያገኘሁት ምርጥ ድምፅ እርሱ ነው። ማሲንቆ በደጋን የሚጎተት፣ ድምፁ የማይቋረጥ መሣሪያ ስለሆነ በመሐሉ ሲቆረጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ አይሰማም። ከኤምኤልአር በስተጀርባ ያለው ሶፍትከት የተባለው የኖርንስ ክፍል በእያንዳንዱ ዝላይ ላይ አሮጌውን ድምፅ እያሳነሰ አዲሱን እያስገባ ያገናኛቸዋል። ለክራር ግን ይኸው ማለስለሻ ረዘም ካለ የክሩን የመጀመሪያ ንክኪ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ለክራር አጭር፣ ለማሲንቆ ረዘም ማድረግ ይመከራል።

ከዚህ በኋላ የማልወደውን ልናገር። የግሪድ ቁልፎች የሚያውቁት ተጫንን ወይስ አልተጫንንም የሚለውን ብቻ ነው፤ ጣት ምን ያህል በኃይል እንደወረደ አያውቁም። ለመቁረጥ ይህ ችግር የለውም፤ የድምፁ ጥንካሬና ልስላሴ አስቀድሞ በቅጂው ውስጥ አለና። ነገር ግን ከበሮን በየምቱ ለመምታት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ጉድለት ነው። የከበሮ ትልቁ ፊት በመዳፍ ሲመታና ትንሹ ፊት በጣት ጫፍ ሲነካ በመካከላቸው ያለው የኃይል ልዩነት የሙዚቃው ግማሽ ነው፤ ግሪድ ሁሉንም በአንድ ኃይል ያወጣዋል። ሮጀር ሊን ለአካይ ኩባንያ በነደፉት፣ በ1988 በወጣው ኤምፒሲ 60 የተባለ የሳምፕል መሣሪያ ላይ የነበሩት 16 ትልልቅ ንጣፎች የጣትን ኃይል ያውቁ ነበር፤ ይህን ለለመደ ከበሮ መቺ ግሪድ ደነዝ ሆኖ ይሰማዋል። ኃይልን በረድፍ ከፍታ መግለጽ ይቻላል፦ ታችኛው ረድፍ ቀስ ያለ፣ ላይኛው ብርቱ ምት ይሁን ብሎ ስክሪፕት መጻፍ ማለት ነው። ሠርቼዋለሁ፤ ይሠራል፤ ግን መዳፍ የለውም።

የማህደረ ትውስታው (የሜሞሪው) መጠንም መታወቅ አለበት። ሶፍትከት ስድስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ማጫወት የሚችል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ደቂቃ የማይሞሉ ሁለት የቅጂ ቦታዎች አሉት፤ ሁለቱም ሞኖ ናቸው። ለአጫጭር ሉፖች ከበቂ በላይ ነው፤ ሙሉ ዘፈን በስቴሪዮ ጭኖ መቆራረጥ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። መድረክ ላይ ሆኖ በቀጥታ መቅዳት ይቻላል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጎንዎ ቁጭ ብሎ ሲጫወት የአሁኑን ሐረግ ይዞ ወዲያው መቁረጥ ይቻላል ማለት ነው፤ ይህ በቀጥታ ሙዚቃ ላይ ያለው ጥቅም ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የኤሌክትሪክ ጉዳይን በጥቂቱ። ግሪዱ ኃይሉን የሚያገኘው ከኖርንስ በዩኤስቢ ነው፤ ሺልድ ደግሞ የራሱ ባትሪ የለውም። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ፓወር ባንክ በቂ ነው፤ ነገር ግን ራስበሪ ፓይ ኃይል ሲያንሰው ስለሚረበሽ፣ ለአሮጌ ስልክ የተሠራ ደካማ ቻርጀር አይጠቀሙ። ገመዱም አጭርና ወፍራም ቢሆን ይመረጣል።

ከኖቬሽን ሰርኪት ሪዝም ጋር አነጻጽሬ ልጨምር፤ ሳምፕልን በብርሃን ሰሌዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁለተኛው እውነተኛ ምርጫ እርሱ ነውና። በ2021 የወጣው ይህ መሣሪያ የጣት ኃይል የሚያውቁ 32 ባለቀለም ቁልፎች፣ ስምንት የሳምፕል ትራኮች፣ በራሱ የመቅዳት ችሎታና በውስጡ የሚሞላ ባትሪ አለው። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ከካርቶኑ አውጥቶ በዚያው ቀን ሙዚቃ መሥራት ይቻላል። የአንዱን ዙር ርዝመት በ12 ደረጃ መወሰንም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ችክችካ በላዩ ላይ ያለ ምንም ኮድ ይሠራል። ቅሬታዬ በአቀማመጡ ላይ ነው፦ ደረጃዎቹ በስምንት ዓምድ ስለተደረደሩ 12ቱ ምቶች ስምንት ከላይ፣ አራት ከታች ሆነው ይሰበራሉ። በሦስት የሚከፈል ሙዚቃ ባለ ስምንት ቁልፍ ረድፍ ላይ ሲቀመጥ ሦስቱ ከባድ ምቶች በመጀመሪያው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ቁልፍ ላይ፣ አራተኛው ከባድ ምት ደግሞ በታችኛው ረድፍ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ይወድቃሉ፤ ዓይን የሚይዘው ቅርጽ አይፈጠርም። በግሪድ 12ቱ በአንድ መስመር ይዘረጋሉ፤ ወይም ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ከወደደ በስድስት ስድስት ሁለት ረድፍ ይሆኑና ከባዶቹ ምቶች አንዱ በአንዱ ሥር ይሰለፋሉ። ይህን ቅርጽ ሠርቼ ለአንድ ከበሮ ለሚመታ ወዳጄ ባሳየሁት ጊዜ ምንም ማብራሪያ ሳልሰጠው እጁን አኑሮ መጫወት ጀመረ።

ስለዚህ ምክሬ በሚሠሩት ሥራ ይለያያል። ከበሮን በየምቱ እየደረደረ ቢት የሚሠራ፣ ኮድ መንካት የማይፈልግ፣ በታክሲም በካፌም ይዞ መሄድ የሚሻ ሰው ሰርኪት ሪዝምን ይግዛ፤ ዋጋውም ከግሪድና ከኖርንስ ድምር በእጅጉ ያነሰ ነው። የተቀዳ ድምፅን እንደ መሣሪያ መጫወት የሚፈልግ፣ በተለይም ከቀጥታ ተጫዋች ጋር መድረክ የሚወጣ፣ መሣሪያውን ለራሱ ሙዚቃ ልክ አድርጎ ለመቁረጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ከግሪድ የሚተካከል አያገኝም። መመሪያዎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም በሥርዓት የተጻፉ ናቸው፤ ተጠቃሚዎች የጻፏቸው ስክሪፕቶችም በነፃ ይገኛሉ።

ሞኖም በትንሽ መጠን እየሠራ ስለሚሸጥ ግሪድ በፈለጉት ጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ውድም ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሐሳቡ የሚስማማዎት መሆኑን ለማየት ርካሽ መንገድ አለ። ላውንችፓድን እንደ ግሪድ እንዲቆጠር የሚያደርግ፣ ተጠቃሚዎች የጻፉት ተጨማሪ ኮድ ለኖርንስ አለ፤ ላውንችፓድ ስምንት ዓምድ ብቻ ስላለው ሰሌዳው በሁለት ገጽ ይከፈላል፤ ብርሃኑም ገጹን አልፎ ሲሄድ ይጠፋል። ለመድረክ አይሆንም፤ ለሙከራ ግን ይበቃል። ሺልድ ገዝተው፣ ያገለገለ ላውንችፓድ ተውሰው፣ ስምንት መስመር የማሲንቆ ቅጂ ጭነው ይሞክሩት፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላም ገጽ መቀያየሩ ብቻ የሚያናድድዎት ከሆነ ባለ 16 ዓምዱን ግሪድ ይዘዙ።